ቀይ የተቀባው ማንጎ

ሚያዝያ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.
ጋምቤላ

ወንድሜ ታንግ፣ እናታችን እየተናገረች የምጽፈው እኔ ኛጆክ ነኝ። ስድቧን ሁሉ መጻፍ ስላፈርኩ ጥቂቱን ትቼዋለሁ።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ኩባ ድረስ እጁን ይዘርጋልህ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። አባትህ የተከለውን ማንጎ ግን ቆረጡት! የመብራት መስመር ዘርጊዎች መጥተው ግንዱን ቀይ ሲቀቡት፣ የወባ መድኃኒት ረጪዎች ቤታችን ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ምልክት መስሎኝ ውሃ አጠጣኋቸው፤ መረቅኳቸውም። በሳምንቱ መጋዝ ይዘው መጡ። ጎረቤቶቻችን የቀሩት ዛፎች እንዳይቆረጡ የመብራት መሥሪያ ቤቱን ሲከሱ እኔም አብሬ ከሰስኩ። ትናንት ችሎት ላይ ነገረ ፈጃቸው፣ «እማማ፣ ባይፈቅዱ ውሃ ያጠጡ ነበር?» ብሎ ሳቀብኝ። ከንዴቴ የተነሳ አማርኛው ጠፋኝ። ለተጠማ ውሃ መስጠት ዛፌን ቁረጡ ማለት ነው? አንተ ምሳህን አትዝለል። ፎቶግራፍህንም ላክልኝ። አምላክ በሰላም ያገናኘን።

ታንግ፣ ይህን እሷ አላለችም። ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ፤ ስለ መቁረጥ ማንም አልነገረንም። ክፍል ውስጥ እጄን አንስቼ አላውቅም። ነገ ችሎቱ ሲቀጥል ግን ለመመስከር አነሳለሁ።