የእማማ ማርታ ሙዳይ

ጂንካ፣ እሑድ ኅዳር 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ነገ የካኮ ገበያ ነው። እማማ ማርታ ለመሥሪያ ቤታችን የባህል ኤግዚቢሽን ያዋሱኝን የእንጨት ቅቤ ሙዳይ እዚያው ልመልስላቸው ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ ግን ኃላፊዬ ጓድ ታደሰ ክንዴን ይዞ አስቆመኝ።

«አሮጌው ሙዳይ አዲስ አበባ ይላካል። ለሴትየዋ አዲሱን ስጣት፤ እንዲያውም ደስ ይላታል» አለ። ክንዴን ሳይለቅ ጨመረበት፦ «ለመሆኑ አንተ ምሩቅ፣ የሙከራ ጊዜህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

አዲሱን፣ የአሮጌውን አምሳያ፣ የሠሩት ጎረቤቴ አናጢው ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ነገርኳቸው።

«ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል ብለህ አይደል ያሠራኸኝ? ምትክ ነው ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር» አሉ። ቆይተው ደግሞ ሳቁ። «ቢሆንም የእኔ አያፈስም።»

ሁለቱንም ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ሳያቸው አመሸሁ። የጋሽ ጴጥሮስ ክዳን ሲገጠም ትንሽ አየር ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ እጅ እዚህ ከተማ መኖሩ ያኮራኛል። አሮጌው የእማማ ማርታ አባት ለልጃቸው ሠርግ የጠረቡት ነው። የቅርጹ መስመሮች ከጎኑ ተነስተው ክዳኑ ላይ ይወጣሉ፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል።

እማማ ማርታ ሲያውሱኝ ባዶውን መስጠት ነውር ነው ብለው ቅቤ ሞልተውበት ነበር። እኔም ባዶ አልመልስም ብዬ ቅቤ ገዝቻለሁ። በኮባ ተጠቅልሎ በሁለቱ መሃል ተቀምጧል። በየትኛው እንደማደርገው አልቆረጥኩም፤ ቅቤው ግን ጠረጴዛው ላይ መፍሰስ ጀምሯል።