“ጎማ ጎማ ነው” ላልከኝ

ውድ የባሌ ወንድም፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ላንተ በመንገር ልጀምር። ወንድምህ ሊሞት ሰሞን “ስለ መኪናዋ ይቅር ብዬሻለሁ” ሲለኝ፣ መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር። ማን እንዳበላሻትም አውቅ ነበር፤ አልጋው ራስጌ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔ ግን “እሺ” አልኩት። ላልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

“ውድ” ማለቴን አትመነው። ያነበብኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እንደዚያ ስለሚጀምሩ ነው። አንተ ማለቴን ግን እመነው። ከወንድምህ ጋር ከተጋባን ጀምሮ፣ በዕድሜ እየበለጥኩህ፣ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። አንቱታው ለቱታህ ነበር። የሰፈሩ ሰው “ሐኪሙ” ሲልህ፣ ጆሮህን ኮፈኑ ላይ ለጥፈህ ዓይንህን ስትጨፍን፣ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ትንፋሼን ውጬ እጠብቅ ነበር። ሐኪም የሚባለው በሽተኛ የሚያድን እንጂ በሽተኛ የሚያበዛ አይመስለኝም ነበር።

ጎማዎቹን ያሰርክበትን ቀን ታስታውሳለህ? አታስታውስም። አንተ የምታስታውሰው የተመሰገንክበትን ቀን ብቻ ነው። የፊቶቹ ሁለቱ አልቀው ሽቦአቸው ታየና ወንድምህ ጠራህ። ከጋራዥህ ሁለት አዳዲስ ጎማ እያንከባለልክ መጣህ። እኔ ግቢው ውስጥ ያጠብኩትን ጨርቅ አሰጣ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም የልብስ ንድፍ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ስቆርጥ ነው። ጽሑፍ ያለበት ነገር ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። የጎማዎቹን ጎን አነበብኩ።

“ይሄ ቁጥር ከኋለኞቹ ጋር አንድ አይደለም” አልኩ።

ክሪኩን ማዞርህን ሳታቆም ሳቅህ። “ወንድም ጋሼ፣ ሚስትህ ደግሞ ጎማ ታነባለች እንዴ?”

“እሷ ምን የማታነበው አለ? የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ታነባለች” አለ ወንድምህ። በፍቅር ነበር ያለው። አንተ ግን ሌላ አደረግከው።

“እትዬ፣ ጎማ ጎማ ነው። ክብ እስከሆነ ድረስ ይሽከረከራል። አንቺ መርፌሽን ያዢ።”

መርፌዬን ያዝኩ። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሌላ ሆነች። የሰፋሁትን ልብስ ለደንበኞች የማደርሰው እኔ ስለነበርኩ፣ መጀመሪያ የታወቀውም ለእኔ ነው። ሰፊ መንገድ ላይ ያው ናት። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ጠባብ በር ልገባ ስል ግን ጅራቷን ከኋላ የያዘባት ሰው ያለ ይመስል ትጎተታለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጎማዋ ያለቅሳል። ፍሪሲዮን ስረግጥ በራሷ መንከባለል ሲገባት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለወንድምህ ነገርኩት። እሱም ላንተ ነገረህ። በሽታውን ያየው ሰው በሽታው ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ “ፍሪሲዮን ነው” አልክ፤ ፈታህ፣ ገጠምክ፣ ያው ነው። ቀጥሎ “ካምቢዮው ነው” አልክ፤ ግቢያችን ሳምንቱን ሙሉ ዘይት በዘይት ሆነ፣ ያው ነው። ወንድምህ “እስቲ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ እንየው” ቢልህ፣ ያችን ተረትህን አወጣህ፦ “መጽሐፍ የሚያገላብጥ መካኒክ የሚስቱን ስም ሰው የሚጠይቅ ባል ነው።” ሳቀልህ። ወንድምህ ባንተ ቀልድ ሳይስቅ የቀረበት ቀን የለም፤ ትንሹ ወንድሙ ነህ፣ ያሳደገህ እሱ ነው። የሚፈታ ነገር ሲያልቅብህ እጅህን በጨርቅ ጠረግክና ፍርዱን ሰጠህ።

“ወንድም ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም የላትም። የሚስትህ እግር ነው። ማርሽ ትፈጫለች።”

“ማርሽ ፈጪ” የሚለው ስም ከዚያ መጣ። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ተከተለኝ። “እትዬ ወፍጮ ቤት ከፍታለች፤ እህል ሳይሆን ብረት ነው የምትፈጨው” እያልክ ስትናገር ለገዛ ልጄ ሳይቀር ሳቅ ሆነ። ቁልፉም ከግድግዳው ምስማር ላይ ወርዶ ወንድምህ ኪስ ገባ። በክፋት አልነበረም፤ ሊያድናት ነበር፤ ከእኔ። እኔ የልብስ እሽጌን ታቅፌ አውቶቡስ ላይ ቆሜ መሄድ ጀመርኩ።

መጽሐፉን ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከነላስቲኩ፣ ማንም ሳይከፍተው አገኘሁት። የተጻፈው በውጭ ቋንቋ ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ልብስ እየተኮስኩ፣ አንድ አንድ መስመር ሄድኩበት። ስለ ጎማ የሚለው አጭር ነበር፦ አራቱም በመጠንም፣ በዓይነትም፣ በማለቅም እኩል ይሁኑ፤ ካልሆኑ የመኪናው ማስተላለፊያ ይጎዳል። ከሥሩ ማስጠንቀቂያ ምልክት አለ፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የሚያውቀው ምልክት።

ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? ብዙ ጊዜ ራሴን “ወንድማማቾቹን እንዳላጣላ ነው” እያልኩ አታልያለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ተበድሎ ዝም ማለት ይጣፍጣል። እናንተ ስትስቁ እኔ አውቅ ነበር፤ ያ እውቀት ከረሜላ ሆኖ አፌ ውስጥ ይሟሟ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ስል ወንድምህ ታመመ። በመጨረሻም፣ ልጃችን እግሩን እያሸችለት፣ አንተ ራስጌው ቆመህ፣ ይቅር አለኝ። ከልቡ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አንተም ራስህን ነቀነቅህ፤ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ።

እስከዚህ ያለውን ይዤው እሞት ነበር። ይዤው እንዳልሞት ያደረግኸኝ አንተው ነህ።

ባለፈው ሰሞን መጣህ። ወንበር ላይ እንኳ ሳትቀመጥ የመኪናዋን ልብስ ገልጠህ የፊት ጎማዋን በእግርህ ነካ ነካ አደረግክ። “እትዬ፣ ይቺ ከእንግዲህ ቆርቆሮ ናት። ቅዳሜ ጎታች ይዤ መጥቼ ቦታውን ላስለቅቅልሽ። ጎማዎቹ ግን ገና ናቸው፤ ለትልቋ መኪናዬ ይሆናሉ፤ ድሮም የሷ ናቸው።”

ድሮም የሷ ናቸው! አፍህ ምን እንዳለ ጆሮህ አልሰማውም። ኮፈን የሚያዳምጥ ጆሮ እኮ ነው።

ለልጄ ደወልኩላት። “አጎቴ ይውሰዳት በቃ፣ እማዬ” አለችኝ። “ያው አንቺው ነሽ የፈጨሻት።” ስቃ ነው ያለችው፤ ክፋት የለባትም። ግን ቅዳሜ መኪናዋ ተጎትታ ከወጣች ማስረጃው አብሮ ይወጣል፤ እኔ በልጄ አፍ፣ ከዚያም በልጅ ልጆቼ አፍ ማርሽ ፈጪ ሆኜ እቀራለሁ። ወንድምህም ያለ ጥፋቴ ይቅር እንዳለኝ ሳይታወቅ ይቀራል።

ባትሪዋን አስሞልቼ፣ ዘይትና ውሃዋን አይቼ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ባዶ መጋዘን ነዳኋት። እጄ መሪውን አልረሳውም። ደረቁ ሲሚንቶ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ በዝግታ ዞርኩ፤ ያው እንደ ድሮው፣ ታነቀች፣ ዘለለች፣ ጎማዋ አለቀሰ። ፍሬን ይዟት እንደሆነ ብዬ ወርጄ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፤ አልጋሉም። ቀጥዬ ጥግ ላይ ያለው ጠጠር ላይ ይዣት ወጣሁ። እዚያ ልክ እንደ ጤነኛ ዞረች። ጠጠር ላይ ጎማ ይንሸራተታል፤ ተንሸራትቶ ጭንቀቱን ያወጣል። ሲሚንቶ ግን አይለቅም።

ከዚያ አንገቴ ላይ የማይጠፋውን ሜትር አወጣሁ። የሴት ወገብ፣ የሙሽራ ደረት የለካሁበትን። ተንበርክኬ አራቱን ጎማ ዙሪያቸውን ለካሁ። የፊቶቹ ከኋለኞቹ በአራት ጣት ይበልጣሉ።

አንተ አይገባህም ብዬ አላዝንም፤ ማንኛዋም ጀማሪ ሰፊ ግን ይገባታል። አንዱ ጠርዝ ረዝሞ ሌላው አጥሮ አንድ ላይ ከሰፋኸው ጨርቁ ይኮማተራል። ብረትም እንደዚያው ነው። ይህች መኪና በአራቱም ጎማዋ ነው የምትሄደው፤ የፊቷና የኋላዋ በዘንግ ተያይዘዋል። ስትታጠፍ የፊቶቹ ረዥሙን፣ የኋለኞቹ አጭሩን መንገድ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱን የሚያቻችል ዕቃ መሃላቸው አለ። ያንን ዕቃ ባልተካከለ ጎማ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዕረፍት ስትነሳው ይግላል፣ ይጠጥራል፣ በመጨረሻም ማቻቻሉን ትቶ ሁለቱን አንቆ ይይዛል። እግሬ የለበትም።

ጎሚስታው ጋ ወሰድኳት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለና አፏጨ።

“እናቴ፣ ይሄንን ማነው ያሰረላችሁ?”

“የባለቤቴ ወንድም።”

“ተጣልታችሁ ነበር?”

“የለም። መካኒክ ነው።”

“እሱማ ይብሳል” አለና መፍቻውን አነሣ።

አራት እኩል ጎማ ገጠመላት። ማቻቻያውን ጨርሰህ አቃጥለኸው እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር፤ ስለዚህ ከጋራዡ ወጥቼ እዚያው ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ዞረች። አንድም ድምፅ ሳታሰማ፣ እንደ ጥሩ ክር፣ ዞረች። ድጋሚ አዞርኳት፤ ድጋሚ ዞረች። ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሞ “እናቴ፣ ይዞርብሻል!” ብሎ እስኪጮህ ድረስ አላቆምኩም።

ተንኮል አስበህ ነው አልልም። ተንኮል ማሰብ ይፈልጋል። አንተ ከማሰብ ይልቅ ሰው ላይ ስም መለጠፍ ቀሎህ ነው። አዋቂ ለመባል ብለህ ያሳደገህን ሰው በሚስቱ ላይ እምነት አሳጣኸው፤ ለዚያም ምስጋና ተቀበልክ። ስጠላህ ኖሬ ነበር። አሁን ግን ጥላቻ ላንተ ይበዛብሃል። ጎማ ሲያነቡበት የሚደነግጥ ሰው ምኑ ይጠላል?

ራሴን ግን አላመልጥም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ወንድምህ ቁልፌን ይመልስልኝ ነበር፤ ቢቆጣ እንኳ እውነት ላይ ይቆጣ ነበር። እኔ ከረሜላዬን መረጥኩ። እሱ በባዶ ይቅር አለኝ፤ ይቅር ሊለኝ ለሚገባው ነገር ግን ዕድሉን አልሰጠሁትም። ይህን ማንም ጎሚስታ አይፈታልኝም።

ቅዳሜ ጎታች አታምጣ። ሁለቱን ጎማዎችህን የግቢው በር ላይ ደግፌልሃለሁ። ክብ ናቸው፤ እያንከባለልክ ትሄዳለህ።

ይህን ደብዳቤ ላንተ መላክ ከንቱ ድካም እንደሆነ አውቃለሁ። የተጻፈ ወረቀት ስታገኝ እጅህን ትጠርግበታለህ። ስለዚህ “ውድ” ያልኩት አንተን ቢሆንም ገጾቹ የሚደርሱት ሌላ ሰው እጅ ነው። አባቷን እግሩን እያሸች “እሺ” ስል የሰማችኝ እሷ ናት፤ ዝም ማለቴንም ከእኔው እጅ ማወቅ አለባት። አንብባ ስትጨርስ በማን እንደምትቆጣ አላውቅም፤ ባንተ ብቻ እንደማይሆን ግን አውቃለሁ። እሷ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ጠባብ ነው። አባቷ መኪናዋ ከታመመች ወዲህ ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ በእግሩ ነበር የሚገባው። እኔ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ እገባለሁ፤ እደጇ ድረስ። እነዚህን ገጾች በእጇ የምትቀበለኝ ልጄ ናት።

የወንድምህ ሚስት