ከጅዳ የላክኸው ኮምፒውተር

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሀሩን፤ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ እንዳንጨነቅ ብለህ ዝም አልክ? እማዬ በስልክ ድምፅህን ከሰማች ወዲህ ቀጥኗል እያለች ስለ አንተ ሳትጠይቅ አትውልም። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ሱቅ መክፈት አልተዉም።

ይህን ስጽፍ ደጋግሜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ታውቀኛለህ፣ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም። ስለ ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ "ደርሷል፣ እናመሰግናለን" ብቻ ብዬ ማለፌ ሳይገርምህ አልቀረም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው አውጥተን ቤታችን ሃያ ሁለት ስናደርሰው ግማሹ ሰፈር ሱቃችን ደጅ ላይ ነበር። አባባ ልንከፍተው ላሰብነው የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ብለው ሱቁን በኮምፔንሳቶ ለሁለት አስከፍለው፣ ጨርቃ ጨርቁን በአንድ ጎን ከምረው ነበር የጠበቁት። እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ ዕቃው ሳይደርስ "ዊንዶውስ 95 እናስተምራለን" የሚል ታፔላ አስጽፌ ሰቅያለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ የሚሠራውና ኮምፒውተር ያስተማረኝ ጓደኛዬ እዝራ የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈትቶ ውስጡን ሲያይ ግን የተሠራበትን ዓመት በጣቱ አሳየኝ። ይሄ እኮ ዊንዶውስ 95 ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ነው፣ ቢጫንበት እንኳ መሸከሙን እንጃ አለኝ። የሸጠልህ ሰው አዲስ ነው ብሎህ ይሆናል፤ ባንተ አልፈርድም። ግን ታፔላው ተሰቅሏል፣ ተማሪም ተመዝግቧል።

የመጀመሪያዋ ተማሪ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። በታይፕ ጸሐፊነት ሲሠሩ ኖረው፣ መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኛ ሲቀንስ እሳቸውንም ቀነሳቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቹ የሳቸውን እጅ ነው የሚያዩት። ቦሌ መንገድ ላይ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ጸሐፊ ሊቀጥር ነው፣ ፈተናው ግን በዊንዶውስ ነው ብለው መጡ። ታዲያ ምን ብዬ ልመልሳቸው?

እዝራ ዊንዶውሱ ያለባቸውን ፍሎፒ ዲስኮች ገልብጦ ሰጠኝ። አንዱን ሲጨርስ ሌላውን እያጎረስክ ነው የሚጫነው። የጎረሰውን ይዞ ሆዱ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ስክሪኑ ላይ ምን ያህል እንደተጫነ የምታሳየው መስመር ጥቂት ትሄድና ትቆማለች። እሷን እያዩ መቀመጥ አቃተኝ። ወጥቼ የታክሲ ረዳቶቹን ጩኸት ሰምቼ እመለሳለሁ፤ መስመሯ እዚያው ናት። አባባ ግን በርጩማቸውን አስጠግተው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አጠገቡ ተቀመጡ። አንዴ ስገባ፣ "ሞቷል ወይስ እያሰበ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም አልኳቸው። "እንግዲያ ያስብ፤ አንተ ምን ያሯሩጥሃል?" አሉኝ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከሀ ጀመርን። አሁን ደግሞ አንዱ ፍሎፒ አልነበብም አለ፤ እሱን ይዤ እዝራ ዘንድ እስከ ቦሌ በእግሬ ሄድኩ። የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጋ ቆሜ ስጠብቀው አንድ አውሮፕላን ተነሣ። እውነቱን ልንገርህ ሀሩን፣ ሁሉንም ጥዬ ወደ አንተ መምጣት አማረኝ። ቪዛ ላክልኝ እያልኩ ስነዘንዝህ ኮምፒውተር የላክኸው እግሬን ቤት ልታስርበት እንደሆነ አልጠፋኝም፤ አዝኜብህም ነበር። ሆኖም እንደገና የገለበጠልኝን ፍሎፒ ተቀብዬ ተመለስኩ። እትዬ ጥሩነሽ ደጃችን ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

በመጨረሻ ተጫነ። ባለ ደመናው የዊንዶውስ ሥዕል ሲወጣ እማዬ እልል አለች። ቀርፋፋነቱ ግን አይጣል ነው። እትዬ ጥሩነሽ ቁጭ ብለው እንደለመዱት ጣቶቻቸውን ለቀቋቸው፤ ስክሪኑ ባዶ። ጽፈው እጃቸውን ካነሡ በኋላ ፊደሎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ መጡ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ታፔላውን ላወርድ መሰላል ሳመጣ ግን ተቆጡኝ።

"ጣት እንደሆነ አለኝ፣ ፍጥነት ልማር አልመጣሁም። የቱ ሲነካ ምን እንደሚከፈት ብቻ አሳየኝ፤ እሱ እንደ ፍጥርጥሩ።"

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። ማሽኑ ለመነሣት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ አባባ ሱቅ ሲከፍቱ አብረው ያበሩታል። ባለአራት ቀለሟ የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ስትል "ባንዲራዋ ወጥታለች!" ብለው ይጠሩናል።

የፈተናው ቀን ሸኝቻቸው ሄጄ፣ ከሕንጻው ፊት ለፊት ስንጎራደድ ዘበኛው እንኳ ተጠራጠረኝ። ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ አፋቸው ግን ይስቃል። የዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ገና ሲነኩት ብልጭ ብሎ ስለተከፈተ፣ ያበላሹ መስሏቸው ፈታኙን ይቅርታ ጠይቀውት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያቆማቸው አልነበረም አሉኝ። ተቀጠሩ፤ ሥራም ጀምረዋል።

ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ሌሎች ተማሪዎችም እየመጡ ነው። ልቤ ረግቷል ብዬ አልዋሽህም፤ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አሁንም ወጥቼ አየዋለሁ። ግን ይህን ማሽን ሲታመም የሚያነሣው ከእኔ ሌላ የለም። እዝራ እንደሚለው ሜሞሪ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ቢጨመርለት ይፈጥናል፤ እዚህ ግን ለእንዲህ ያለ አሮጌ የሚሆን አጣን። እዚያ ካገኘህ በሚመጣ ሰው ላክልኝ። ቪዛውን ለጊዜው ተወው።

እማዬ ወገብህን በወይራ ዘይት አሽተህ ተኛ ትልሃለች። አባባ ዱዓ ያደርጉልሃል። እኅታችን ከይሪያ ሰላም ብላሃለች፤ ልጇም ፎቶህን እየሳመ "አጎቴ" ማለት ጀምሯል። እትዬ ጥሩነሽም ሳታመሰግንልኝ እንዳትጽፍ ብለውኛል። አብረውህ ለሚኖሩት ለሙዘይንና ለሽኩር ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ኑሪ
ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.