ወይዘሪት አትራክታ ማክተርናንና ከቤተሰቡ ቁጥር የወጣችው አክስታቸው

ወይዘሪት አትራክታ ማክተርናን ከአባታቸው ከአቶ በርናርድ ማክተርናንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሎሚና ጊልሁሊ፣ በአየርላንድ ሊትሪም አውራጃ፣ ኮርናሞር በምትባል መንደር ኦገስት 11 ቀን 1938 ተወለዱ። ዕለቱ የቅድስት አትራክታ በዓል ስለነበር ወላጆቻቸው ስም ፍለጋ ብዙ አልደከሙም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃውን ከተማ ባለው የመነኮሳት ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። በ1956 በፖስታ ቤት ተቀጥረው በአንድ መስኮት አርባ ሁለት ዓመት አገለገሉ። ትዳር አልያዙም። ፈላጊ ጠፍቶ ግን አይደለም፤ አንድ የከብት ነጋዴ አምስት ዓመት ሙሉ ቴምብር እየገዛ ተመላልሷል፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ግን በዓለም ላይ አልነበረውም።

በ1961 የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ለሕዝብ ክፍት ሲሆኑ፣ ወይዘሪት አትራክታ የዓመት ዕረፍታቸውን ወስደው በአውቶቡስ ደብሊን ወረዱ። የአያታቸውን የአቶ ቴረንስን ቅጽ ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ። አያትየው በ1901 የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ፤ በ1911 ሰባ ሞልቷቸዋል። በመሐል ሰባ ዓመት ለሞላው ሁሉ ጡረታ ታውጆ ነበርና በዚያ አገር ብዙ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ሃያ ዓመት አርጅቷል። በፖስታ ቤቱ መስኮት ጡረታ ከፋይዋ ወይዘሪት አትራክታ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። የ1911 ቅጽ ያገቡ ሴቶችን ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለዱና ስንቱ እንዳለ ይጠይቃል። በአያታቸው በወይዘሮ ቢዲሊያ አንጻር «የተወለዱ አሥራ አንድ፣ ያሉ ዘጠኝ» ተብሎ ተጽፏል። አባታቸው አቶ በርናርድ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን «እኛ ያደግነው ስምንት ነበርን፤ ሌሎች ሁለት በሕፃንነት ሞተዋል» ሲሉ ነው የኖሩት። አንድ ልጅ ጎደለ። የ1901ን ቅጽ ሲያወጡ ጎደሎዋ ተገኘች፦ ሆኖሪያ፣ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ተማሪ፣ ማንበብና መጻፍ የምትችል።

አትራክታ ቤት ደርሰው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አባታቸውን ጠየቁ።

«ፖሊስ ነው እየዞረ የሰበሰበው» አሉ አቶ በርናርድ። «ፖሊስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መቁጠር የሚያውቀው? አርፈሽ ተቀመጪ!»

«አባባ፣ ፊርማው የአያቴ ነው። ሆኖሪያ ማን ናት?»

አባትየው ተነሥተው ላሞቹን ሊያዩ ወጡ። ላሞቹ ግን ከታለቡ ቆይተው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፍለጋ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ። ወይዘሪት አትራክታ ለየደብሩ ጻፉ፤ የጋብቻም የሞትም ወረቀት የለም። በሌላ አገር ቢሆን የቀደሙትን ቆጠራዎች እያገላበጡ ዘመዱን ሁሉ ይለቅሙ ነበር። እዚህ ግን ከ1821 እስከ 1851 ያሉት፣ ከጥቂት ቁራጭ በቀር፣ በ1922 በጦርነት እሳት ነደዱ። ቀጥለው የመጡት አራቱ ደግሞ እሳት ሳይነካቸው በሹማምንት ትእዛዝ ጠፉ፤ የመጨረሻዎቹ ወረቀት ተወደደ ተብሎ ተፈጩ። ይህ ሲነሣ ወይዘሪት አትራክታ ፊታቸው ይቀላ ነበር። «እሳቱስ ጦርነት ነው፤ ጦርነት ዓይን የለውም። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ሻይ እየጠጣ፣ የሕዝብን ስም ፍጩት ያለውን ግን እኔ በሰማይም አልለቀውም!» ይሉ ነበር። ንግግሩ ስለ መንግሥት ብቻ እንዳልነበር ቤተሰቡ ያውቃል።

በ1979 ከሁለቱ የተረፉ ቆጠራዎች በአንደኛው፣ በ1911ዱ፣ ሆኖሪያን አገኟት። የተገኘችው በጎረቤት አውራጃ ባለው የአእምሮ ሕሙማን ማኖሪያ ቅጽ ላይ ነው። በዚያ ቅጽ ላይ ሕሙማን በሙሉ ስም አይጻፉም፤ የስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ብቻ ይቀመጣሉ። «ሆ. ማ.፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ያላገባች፣ የገበሬ ልጅ፣ ሊትሪም።» የቀረውን በ1998 የማኖሪያው የድሮ መዝገብ ተናገረ። በ1909 የታጨችለትን ሰው አላገባም ብላ ሰሐን ሰበረች፤ አባቷ ቀርበው አብዳለች ብለው አመለከቱ፤ ሁለት ሰዎች ፈረሙ፤ በሩ ተዘጋባት። አርባ አራት ዓመት ቆይታ በ1953 ሞተች። ጎብኚ፦ የለም። ያን ጊዜ ወይዘሪት አትራክታ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ማኖሪያው ከቤታቸው በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አቶ በርናርድ ለከብት ገበያ በዚያ አጥር ሥር በየወሩ ያልፉ ነበር።

ከመላው ቤተሰብ እናትየዋ ወይዘሮ ቢዲሊያ ብቻ፣ ባል አጠገብ ቆሞ፣ ፖሊስ ደጅ ቆሞ፣ በሕይወት ያለች ልጃቸውን ከሞቱት ጋር አልቆጥርም ብለዋል። ሌላው ሁሉ ቆጥሯል። ይህ ነውር ነው፤ ዛሬ በቀብር ላይ ሊነገር አይገባም የሚል ካለ፣ መች ሊነገር ነበር?

ወይዘሪት አትራክታ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆኖሪያ ስም በቤተሰቡ የመቃብር ድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ። የመቃብሩ ወረቀት ያለው በታናሽ ወንድማቸው በአቶ ማላኪ ስም ነው፤ ባለወረቀቱ ካልፈረመ ጠራቢ መዶሻ አያነሣም። ሦስት ጊዜ ጠየቁ። በመጀመሪያው አቶ ማላኪ «አንቺ ሴትዮ፣ እብድ በደማችን አለ ብለሽ በድንጋይ ልታስለፍፊ ነው? ሴት ልጅ አለችኝ፤ ማን ያገባታል?» አሉ። በሁለተኛው «የሞተ ሞቷል» አሉ። በሦስተኛው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩ። ያቺ ሴት ልጅ፣ ኦርላ፣ አግብታ ሦስት ወልዳለች። እጮኛዋ ነገሩ ከሠርጉ በፊት ሲነገረው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ነው ያለው። ይህን ጽሑፍ የጻፈችውም፣ አሁን የምታነበውም እርሷ ናት፤ አባቷ እንዳታነብ ከልክለዋት ነበር።

ወይዘሪት አትራክታ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው፣ የአያቱን ስም የሚፈልገውን ሁሉ ቅጽ ማንበብ አስተምረዋል። ለሚመጣው ሁሉ «መጀመሪያ የልጆቹን ቁጥር እይ፤ ዕድሜውን አትመን» ይሉት ነበር። እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ዘመዶቻችሁን ያወቃችሁት በእርሳቸው ጣት ነው። የራሳቸውን ዘመድ ግን በቤተሰቡ ድንጋይ ላይ አላስቀረጹም።

በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲሰቃዩ ቆይተው ማርች 3 ቀን 2022 በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው ወንድማቸው አቶ ማላኪ፣ የወንድማቸው ልጅ ኦርላና ልጆቿ ቀርተዋል። አባታቸው፣ እናታቸውና አክስታቸው ሆኖሪያ ማክተርናን ቀድመዋቸዋል።

ከጸሎቱ በኋላ ሬሳው ወደ ቤተሰቡ መቃብር አይሄድም። ወይዘሪት አትራክታ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ በመካነ መቃብሩ በር አጠገብ፣ ገቢውም ወጪውም የሚያየውን ቦታ ገዝተዋል። ድንጋዩ በጠራቢው ግቢ በሸራ ተሸፍኖ አራት ዓመት ቆይቶ ትናንት ተተክሏል። ከላይ የሆኖሪያ ስም ነው፣ ከነሙሉ ፊደሉ፤ የእርሳቸው ከሥር ነው። በቤተሰቡ መቃብር የቀረውን የአንድ ሰው ቦታ ለወንድማቸው ለቀውላቸዋል።

ነፍሳቸውን እግዚአብሔር የማንም ስም በማይቆረጥበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለአቶ ማላኪም ዕድሜ ይስጥልን፤ ለመፈረም አሁንም ጊዜ አላቸው።