እናታችን ፋጥማ አይደለችም

ውድ ወንድሜ አርዝቂ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ለምዶበት ነው እንጂ ዛሬስ ስምህን መጥራትም አስጠልቶኛል።

እናታችን አሥራ አንድ ዓመት ተንበርክካ ወለሉን የፈገፈገችበት የፈረንሳዮቹ የሞሬሎች ቤት ታድሶ ሙዚየም ሆነ ሲሉ ሰምቼ ትናንት ሄድኩ። ግድግዳው ተቀብቷል፤ የእመቤቲቱ አልጋ ሳይቀር ተነጥፏል። ማድ ቤቱ ስደርስ እማ በፎቶ ግድግዳው ላይ አለች። ሻሿን አስራ፣ በረኪና የላጠውን እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ። በደስታ ልጮህ ስል ከሥሯ የተጻፈውን አነበብኩ፤ «ፋጥማ፣ የቤቱ አገልጋይ»።

ደሜ ፈላ! ፈረንሳዮቹ የቤት ሠራተኛን ሁሉ ፋጥማ የሚሉት ስሟን መጠየቅ እንኳ ንቀው እንደነበር አንተ ታጣዋለህ? ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬም ፋጥማ ሆኜ ዋልኩ፤ እስቲ በስሜ ጥሩኝ» ስትለን፣ እየተሻማን «ታሳዲት! ታሳዲት!» እንላት አልነበር? ከእኔ በላይ የምትጮኸው አንተ ነበርክ።

አስጎብኚዋን ልጅ ጠራኋት።

«ልጄ፣ ማነው ይቺን ሴትዮ ፋጥማ ያላት?»

«እኔ ምን ላድርግ እማማ? ፎቶውን የሰጡን ሐጂ አርዝቂ ናቸው። ‹የሞሬሎች ሠራተኛ ናት፤ ፋጥማ ይሏት ነበር፤ እኔ አላውቃትም› አሉን።»

አላውቃትም! ጡቷን የጠባኸውን! አስተምሮ ጠበቃ ያደረገህ እኮ ያ በረኪና ነው። ለቤጃያ ከተማ ሰው «እናቴ ከደጅ ወጥታ የማታውቅ ወይዘሮ ነበረች» እያልክ ስትዋሽ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነው። መግቢያው ላይ ከለጋሾቹ ጋር ስምህ በወርቅ ቀለም ተጽፎ አየሁት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ አንተ የራስህን ለማዋል የሷን ቀበርክ።

ልጅቷ ደግ ናት፤ ደንግጣ እስክሪብቶ አወጣች።

«ስማቸውን ይንገሩኝ፣ ነገውኑ እናርመዋለን። የማን እናት ብዬ ልጻፍ?»

«የማልሃ።»

«ሌላ ልጅ የላቸውም?»

«አንድ ነበር፤ አላውቃትም ብሏል» አልኳት።

እሷም የነገርኳትን ጻፈች። ስምህ እንዲጨመር ከፈለግክ ራስህ ሂድና ሰው እየሰማ «እናቴ ናት» በል። እኔ ስላንተ አልናገርም።

የታሳዲት ልጅ፣
ማልሃ