ባለ እጅ፦ የወይዘሮ ትርንጎ ገብሩ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ትርንጎ ገብሩ ከአባታቸው ከአቶ ገብሩ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ አሰጌ ሚያዝያ 23 ቀን 1969 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ልዩ ስሙ ቀይ አፈር በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው። ታላቃቸው አቶ ዓብይ ገብሩ በባሕር ዳር ይኖራሉ። ታናሻቸው ሳምራዊት ገብሩ በዱባይ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስትሆን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፈችውም ዛሬ የምታነበውም እርሷ ናት።

ጽሑፉ በመጀመሪያ ሲረቀቅ "ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ" ይል ነበር። የብዙ ሟች ታሪክ እንዲያ ስለሚል ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን አቶ ገብሩ በሬም መሬትም አልነበራቸውም። ብረት እየቀጠቀጡ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር፤ የቀዬው አርሶ አደር ሁሉ የሚያርሰው በእርሳቸው ማረሻ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለውን ቤተሰብ የሚጠራበት ስም አለው፤ ባለ እጅ ይለዋል። እዚህ ሻርጃና ዱባይ ያደጉ ልጆች ቃሉን ሲሰሙ ምርቃት ሊመስላቸው ይችላል። ምርቃት አይደለም። ባለ እጅ ከሌላው ጋር አይጋባም፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ሸክላው ገበያ ላይ ይገዛል፣ ሠሪዋ ግን ከገዢዋ ጋር ማዕድ አትቀርብም። ጥሩ ወጥ የምትሠራ ሴት ባለሙያ ተብላ ትመሰገናለች፤ ወጡ የሚሠራበትን ድስት የምትሠራዋ ግን ባለ እጅ ናት።

ወይዘሮ ትርንጎ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ከወንዙ ዳር ጉድጓድ የሸክላ አፈር እየቆፈሩ በጀርባቸው ማመላለስ ጀመሩ። መንገዱ አቀበት ነበር። ጠዋት አፈር ተሸክመው ከሰዓት ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ከመሄዳቸው በፊት ጥፍራቸውን በእሾህ ይጎረጉራሉ። ጭቃ ከታየባቸው አብሯቸው የሚቀመጥ አይገኝም። ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። አጅማን ከገቡም በኋላ፣ ሌላው ከቤት ሲወጣ መስታወት ሲያይ እርሳቸው ጥፍራቸውን ያዩ ነበር። ሳምራዊት በዚህ ብዙ ጊዜ ቀልዳባቸዋለች፤ አሁን ቀልዱ ትዝ ሲላት ደስ አይላትም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የኪሮሽ አያያዝ የተማሩት ያኔ ነው። ዳንቴል የሠራ ባለ እጅ ስለማይባል እናታቸው ደስ አላቸው፤ "እጅሽን ከጭቃ አውጪው" ይሏቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ሄደው በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። በዚያም ከአስተማሪ አቶ አየለ ተፈራ ጋር ተዋውቀው በ1992 ዓ.ም. ጋብቻ ፈጸሙ። ሽማግሌ ሲመጣ ቤተሰቡ አርሶ አደር ነው ተባለ። ይህን የተናገሩት አቶ ዓብይ ናቸው፤ ለእህታቸው ብለው ነበር። በ1994 ዓ.ም. ልጃቸው ሜላት ተወለደች።

በሜላት የክርስትና ዕለት ወይዘሮ ፀሐይ ከገጠር መጡ። ልጆቻቸው "ምንም እንዳይዙ" ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ለልጅ ልጅ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ሆነባቸው። ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ድስት ሠርተው በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። ከአማቶች ወገን አንዲት ሴት ድስቱን ገልብጣ አየችው። ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ያን ምልክት ከደብረ ታቦር ገበያ ታውቀዋለች፤ የማን እንደሆነም ታውቃለች። ድስቱን አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ምግብ የነካ የአቶ አየለ ዘመድ አልነበረም።

አቶ አየለ ክፉ ሰው አልነበሩም። አልተሳደቡም፣ እጃቸውንም አላነሡም። ዝም አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ካሉ በኋላ ልብሳቸውን ይዘው ወጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ጭቃ አልነካም ብለው ማሉ፤ ሃያ ዓመት ያህልም መሐላቸውን ጠበቁ።

በ2002 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጃቸውን ለአቶ ዓብይ አደራ ሰጥተው በኤጀንሲ በኩል ወደ ሻርጃ መጡ። በአንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሥራ ሲቀልላቸው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ዳንቴል ይሠሩ ነበር፤ አሠሪያቸው ማዳምም ሥራቸውን ለእህቶቻቸው ስጦታ ያደርጉት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ አንድ የጽዳት ድርጅት ተዛውረው ዱባይ አል ቁዝ በሚገኝ የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ኖሩ። በተከታዩ ዓመት ሳምራዊት ስትመጣ ሁለቱ እህትማማቾች አጅማን አል ኑዓይሚያ ቤድ ስፔስ፣ ማለት በጋራ ክፍል ውስጥ የአልጋ ቦታ፣ ተከራዩ። አንዷ ላይ፣ አንዷ ታች ይተኙ ነበር። እዚህም ስለ ወላጆቻቸው የጠየቃቸው ሰው ሲኖር ሁለቱም አርሶ አደር ናቸው ይሉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረውበት አያውቁም።

በ2010 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርንጎ ክር ሊገዙ ሻርጃ ሙዋይለህ በሄዱበት ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ የእጅ ሥራ የሚወዱ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚሰበሰቡ የሚገልጽ ወረቀት አዩ። ስብስቡን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የሻርጃ አስተማሪ ወይዘሮ ነዒማ ነበሩ። አንዷ ሹራብ፣ አንዷ ሳሙና፣ አንዷ ጥልፍ ትሠራለች፤ ክረምት ሲገባ፣ ማለት እዚህ አገር አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ በየመናፈሻው በሚቆመው የቅዳሜና እሑድ ገበያ አንድ ጠረጴዛ ይዘው በጋራ ይሸጣሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመለሱ "በቀኝም በግራም ሰው ተቀመጠ" አሉ። ሳምራዊት ነገሩ ያኔውኑ ገባት። ከዚያ በኋላ በሕመም ካልሆነ በቀር ቅዳሜ አላመለጣቸውም። የሠሩት ዳንቴል ተፈላጊ ነበር፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የአገር ልጆች ነበሩ።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ወይዘሮ ነዒማ ለስብስቡ የሸክላ ጭቃ አመጡ። ሁሉም እጁን ሲያስገባ ወይዘሮ ትርንጎ "የቆዳ ሙሽኪላ፣ ችግር አለብኝ፣ ያሳክከኛል" ብለው ኪሮሻቸውን ይዘው ጥግ ተቀመጡ። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ጭቃው የሚተኮሰው አል ቁዝ በሚገኝ ወርክሾፕ ነበር፤ የወይዘሮ ነዒማ ሥራ ሁለት ጊዜ እዚያ ምድጃ ውስጥ ፈነዳ። በአራተኛው ቅዳሜ ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ወይዘሮ ትርንጎ ኪሮሻቸውን አስቀመጡ። "ይህ ጭቃ አልታሸም። ሆዱ ውስጥ አየር አለ" አሉና ተቀበሏቸው። እህታቸውን ልትወስድ የመጣችው ሳምራዊት በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ወይዘሮ ትርንጎ ጭቃውን በመዳፋቸው መቱት፣ አሹት፣ በጉልበታቸው ተጭነው አነሡት። ሌሎቹ ጭቃውን በመዘውር ሲያሽከረክሩ እርሳቸው ጭቃውን አቁመው ራሳቸው ዙሪያውን ዞሩ፤ እናታቸው የሚያደርጉት እንደዚያው ነበር። ድስት ሆነ። ገልብጠው ከሥሩ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

ወይዘሮ ነዒማ "ማን አስተማረሽ?" ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ትርንጎ መጀመሪያ በሩ ላይ የቆመችውን እህታቸውን አዩ። ሳምራዊት ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገሪ ማለቷ ነበር። እርሳቸው ግን በኩሽና ዐረብኛቸው "እናቴ። እኛ ባለ እጅ ነን" አሉ። ትርጉሙን ሲጠየቁም "እጅ ያለው ሰው" ብለው መለሱ። ወይዘሮ ነዒማም "ማሻአላህ" አሉ። ሳምራዊት በሕይወቷ ለዚያ ቃል እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠው ሰምታ አታውቅም ነበር። መንገድ ላይ በአውቶቡስ ውስጥ እህቷን ተቆጣቻቸው፤ እርሳቸው ግን "ኸላስ፣ በቃ፣ አንዴ ወጥቷል" ብለው ጥፍራቸውን ሳያጸዱ አጅማን ገቡ።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ለገበያው ጠረጴዛ ስም አምጡ ሲባል፣ በካርቶን ላይ በአማርኛ ፊደል "ባለ እጅ" ብለው ጽፈው አቆሙ። አላፊ አግዳሚው አበሻ ያነብባል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ፎቶ ያነሳል። ዳንቴላቸውን ለዓመታት ስትገዛ የኖረች አንዲት ሴት ያነሳችውን ድስት መልሳ አስቀምጣ፣ እጇን በሶፍት ጠርጋ ሄደች። ተመልሳም አልመጣች። ሳምራዊት ልትከተላት ስትል ወይዘሮ ትርንጎ ያዟት። "ተያት። ድስቱ እንደሆነ አልተሰነጠቀም" አሉ። ድስቶቻቸው በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ቤት ገብተዋል፤ እዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከልም ድስታቸው ቤታችሁ ያለ አላችሁ።

በ2015 ዓ.ም. አንዱን ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በሰው እጅ ለሜላት ላኩላት። በስልክም የአባቷን ዝምታ ጨምሮ ያልነገሯትን ሁሉ ነገሯት። ሜላትም "እኔ ርቦሽ የሄድሽ ይመስለኝ ነበር" አለቻቸው። በዚያ ቀን ብቻ ወይዘሮ ትርንጎ ሲያለቅሱ ታይተዋል።

ወይዘሮ ትርንጎን በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. የሆድ ሕመም ጀመራቸው። የቆሽት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። በአጅማን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሳምራዊት አጠገባቸው ነበረች። በማግስቱ አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ቅጽ ሲሞላ የሟች ሥራ ምን እንደሆነ ተጠየቀች፤ ክሊነር አለች። ፓስፖርቱ ላይ የነበረው እርሱ ነው። እስከዚህች ሰዓት አላለቀሰችም። ይህን የምትናገረው እህቷን አልወደደችም እንዳይባል ነው።

አቶ ዓብይ ከባሕር ዳር ደውለው ነበር። ሜላት ከአቶ ማቲያስ ጋር ታጭታለች፤ ሠርጓም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። "የምታነቢው ተቀርጾ እዚህ ይደርሳል፤ የልጁ ቤተሰቦች ያዩታል። የእናቷ ዕጣ እንዳይደርሳት፣ እባክሽ አርሶ አደር በዪው" አሏት። ሳምራዊትም አርሶ አደር ብላ ጻፈች። አቶ ዓብይን ማንም እንዳይወቅሳቸው ትለምናለች፤ እርሷም ያደረገችው ያንኑ ነው።

ጽሑፉን ለሜላት የላከችላት ዘመኖቹን እንድታይላት ነበር። ሜላት በነጋታው ደወለች።

"ቀኖቹ ልክ ናቸው። የአያቶቼ ሥራ ግን ልክ አይደለም" አለች።

"ማቲያስስ?"

"ትናንት ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ዝም አለ።"

ሜላት "ቢሆንም ጻፊው፣ አክስቴ። ሁለተኛ ድስት ተገልብጦ እንዲታወቅብን አልፈልግም" ብላ ስልኩን ዘጋች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ስለዚህ ሳምራዊት ስሙን እንዳለ ጻፈችው። ይህ እስከሚነበብ ድረስ ከአቶ ማቲያስ የመጣ ቃል የለም።

ወይዘሮ ትርንጎ ከአገር ልጆች ጋር ዛሬ ተሰነባብተው፣ ነገ ወደ ትውልድ ሥፍራቸው ወደ ቀይ አፈር ይሄዳሉ፤ ከወላጆቻቸው አጠገብም ያርፋሉ። የሙዋይለህ የቅዳሜ ጓደኞቻቸው ወይዘሮ ነዒማን ጨምሮ እዚህ መካከላችን አሉ፤ ቋንቋውን ሳይሰሙ ቆመው ስለሚያዳምጡ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። ወንድማቸውን አቶ ዓብይ ገብሩን፣ እህታቸውን ሳምራዊት ገብሩን እና አንዲት ሴት ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። የልጃቸው ስም ራሷ ባዘዘችው መሠረት እንዲህ ይነበባል፦ ሜላት አየለ፣ የባለ እጅ ልጅ።

አዳምን ከምድር አፈር በእጁ ያበጀ አምላክ፣ የእጁን ሥራ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። ገና በሰባት ዓመታቸው ብዙ አፈር ተሸክመዋልና፣ አሁን የሚለብሱትን አፈር ገለባ ያድርግላቸው።