የወ/ሮ አስካለ እልልታ

ኅዳር 11፣ ከምሳ በኋላ

ውቂያ ላይ ነን። እኔ አዛዥ፤ በሬዎቹ አይሰሙኝም። የልጅ ልጄ ሽፈራው ከግንባር መጣ፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግሩ፣ ክንዱ በፋሻ። ክፍለ ጦራቸው የወንዙን ድልድይ መያዙን በሬዲዮ ሰምተናል። እሱ ግን ትንፍሽ አይልም። ድልድዩ ሲያዝ ከሥር ዓሣ ታጠምድ ነበር ወይ? አልኩት። አልሳቀም። ቆይ ብቻ፣ ደብተሬ፤ የነገው የማኅበር ጠላ ያናግረዋል።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ማታ 1 ሰዓት

ምን ዓይነት አፍ ነው የተሰጠኝ!

ማኅበሩ የኛ ተራ ነበር። ጽዋው እንደዞረ ሽፈራውን ፎክር አልኩት። እንቢ አለ። ነዘነዝኩት።

«ሸሽተህ ይሆናላ!» አልኩት። ቤቱ በሳቅ አለቀ።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «አባባ፣ ድልድዩ ላይ ቀድሞ የገባው ጌታነህ ነው። ይተዉኝ።»

ጌታነህ የጎረቤታችን የወ/ሮ አስካለ ልጅ ነው፤ አብረው ነው የዘመቱት። አስካለ ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ እልል አለች። እኔ ሞኙ፣ የአንቺው ጀግና የኔው ፈሪ ብዬ ጠላ ቀዳሁላት። ደግማ እልል አለች።

ሽፈራው ወጣ። ተከተልኩት። በረቱ ጥግ ያለቅሳል። እያለቀሰ ነገረኝ። ጌታነህ ድልድዩ መሐል በመትረየስ ተመታ። መቆሚያ የለም፣ ከኋላ ግፋ ይላሉ፤ በሬሳው ላይ ተሻግረው ነው የያዙት። መርዶ ማኅበር ላይ አይነገርም ብሎ ነበር ዝም ያለው። ነገ ለቄሱ ሊነግር።

እኔ እናቱን በልጇ ሞት እልል አሰኘኋት።

ኅዳር 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ቄሱ ሰምተዋል። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ። አብረህ ሂድ ሲሉኝ ጉልበቴን አሞኛል አልኩ። ውሸት። ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ።

እኩለ ቀን ላይ አስካለ መጣች፤ ለሽፈራው ትኩስ ዳቦ ይዛ። ጌታነህ የላከችለትን ሹራብ ለብሶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። ወደ እኔ ዞረች፦ «ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ቀልድ አለቀብዎ?» ጥርሴን አሞኛል አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። ደስ ብሏት ሄደች። ዳቦውን የነካው የለም።

11 ሰዓት

ቄሱ ጋ ልኬያለሁ። እሄዳለሁ። ከፊት። ከደጅ የምጣራውም፣ የምነግራትም እኔው ነኝ፤ ለሌላ አልተውም።

የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ድምፄን ስትሰማ እየሳቀች ነው የምትከፍተው።